ቡላ እህል የተወ ሰሞን

ውሻው እህል የተወው በታኅሣሥ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ የነቢያትን ጾም ይዘን ስለነበር፣ ከፊት ለፊታችን ጠላ የሚሸጡት አደይ ለተብርሃን «የሙሚና ውሻ ክርስትና ተነስቷል መሰለኝ፣ ከእኛ ጋር ይጾማል» ብለው ቀለዱ። ሰፈሩ ሳቀ። በማግስቱም ያንኑ ሲደግሙት የሳቀው ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ተዉት። የውሻው ጎድን እየተቆጠረ ሲመጣ ሁላችንም አንድ ነገር ማሰብ ጀምረን ነበር፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ቡላ፣ ስሙን ያገኘው ከጸጉሩ ቀለም ነው፣ የጀላሉ ውሻ ነበር። ጀላሉ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ላይ ቤት የሠራ የጨው ነጋዴ ነው። ግመሎች ከቆላ የሚያወጡትን አሞሌ እዳጋ በሚሉት ገበያ ላይ ይገዛና በበቅሎ እስከ ወልድያ ያወርደዋል። የጭነቱን ገመድ የምትሠራለት ደግሞ ሚስቱ ሙሚና ነበረች፤ ከፍየል ጸጉር ትፈትላለች፣ ታከርራለች፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀይ ጥጥ ታስገባበታለች። ገበያ ውስጥ የሰው ገመድ ከሰው ገመድ ስለሚደባለቅ ነው። «ቀዩን ያየ የጀላሉ ነው ይላል» ትለኝ ነበር። የእኔና የእሷ ቤት በአንድ አጥር ነው የሚለያየው። እኔን ወደዚህ አገር ያመጣኝ የጉምሩክ ሠራተኛ የነበረው ባለቤቴ ነው፤ እሱን እዚሁ ከቀበርኩ በኋላ ጥጤን እየፈተልኩ፣ ዳዊቴን እየደገምኩ ቀረሁ።

በዚያ ዓመት በጥቅምት አውሮፕላኖች መጥተው ገበያውን መቱት። ጀላሉ ያን ቀን ጠዋት ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ቡላን አስከትሎ፣ ጨው ሊረከብ ወጥቶ ነበር። አመዱና ጩኸቱ ከበረደ በኋላ የታወቀው ሬሳ በየወገኑ ተቀበረ፤ ያልታወቀውም በየአቅጣጫው አፈር ለበሰ። ጀላሉ ከታወቁትም አልተገኘ፣ ካልታወቁትም ይህ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቡላ ብቻውን መጣ። ጸጉሩ በአመድ ነጥቶ ስለነበር ሙሚና መጀመሪያ የሌላ ሰው ውሻ መስሏት በድንጋይ ልታባርረው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሚና ከደጇ አልተነቃነቀችም። ውሃዋን የምቀዳላት እኔ ነኝ። ለምን እንደማትወጣ ስጠይቃት፣ እሱ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ምን እንደሚሰማው አስቢው አለችኝ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር፣ ገመዷን ታከርራለች። ቡላ አጠገቧ ይተኛል። የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው፣ ሶላት ሰዓት ሲቃረብ ግን ይነሳና በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል ይሄዳል። ሲመሽ ይመለሳል። ጌታውን ገበያ ውስጥ ሊፈልግ ነው አልን። የሰው ልጅ ሲፈልግ ውሻ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

አንድ ቀን በዚያው ሰዓት አብሬያት ተቀምጬ ጥጥ እየባዘትኩ ነበር። ከሩቅ ፉጨት ተሰማኝ። ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። በቅሎ ነጂ ሁሉ ያፏጫል፤ ነገር ግን ይህን ፉጨት ጀላሉ ከገበያ ሲመለስ አጥሬ ሥር ሲያልፍ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ። ቡላ ተነሳ፣ ጆሮውን አቀና፣ ሄደ። ሙሚና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰማሽ፣ እትዬ አስካለ?»

«ሰማሁ» አልኳት።

እሷ ወደ ገመዷ ተመለሰች። እኔ በውስጤ አባታችን ሆይን ደገምኩ። እሷ ግን ፊቷ ላይ ብርሃን ነበር፤ ባሏ በሕይወት ያለ መሆኑን ምስክር አግኝታለችና።

በኅዳር መጨረሻ ታላቅ ወንድሟ አብዱሰመድ ከወሎ መጣ። ሃይማኖቱን የሚያውቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ልብሱ ሁልጊዜ ለሶላት የተዘጋጀ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር አማቹን መፈለግ ነበር። ከእዳጋ ጀምሮ በየመቃብሩ፣ በየሸለቆው ዞረ። ሲመለስ የነገረን ይህን ነው፤ ከኮረብታው ጀርባ ባለው ሸለቆ ውስጥ እንኳ ወርዶ አይቷል፣ እዚያም ያገኘው አንድ ድንጋይ የተከመረበት የክርስቲያን መቃብር ብቻ ነው፤ ከእንጨት የታሰረ መስቀል ቆሞበታል። ያ የተቀበረው መንገደኛ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ስጸልይ በሸለቆ ውስጥ ዘመድ በሌለበት የተቀበረውን ያን ክርስቲያን አብሬ ማንሳት ያዝኩ። ስሙን ስለማላውቀው «ስሙን አንተ የምታውቀው» እያልኩ ነው።

አብዱሰመድ እህቱን ሊወስዳት ነው የመጣው። ጭቅጭቃቸው ድምፅ የለውም ነበር። እሱ የሚለው እንዲህ ነው። ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የሐዘኗን ጊዜ፣ መቁጠር አለባት፤ እንዲህ በመካከል ተንጠልጥሎ መኖር ለእሷም ለሟቹም ደግ አይደለም፤ አገሯ ገብታ በዘመድ መሐል ትቀመጥ። እሷ ደግሞ ያላየችውን ሞት እንደማትቆጥር፣ ባሏን በአፏ እንደማትገድል ትመልስለታለች። ስለ ፉጨቱ ነገረችው። እሱም በሰዓቱ ደጃፍ ተቀምጦ አዳመጠ። ምንም አልሰማሁም አለ፤ ውሻው ግን ከፊቱ ተነስቶ ሲሄድ አይቷል።

እንግዲህ ቡላ እህል የተወው በዚህ መካከል ነው።

ሙሚና ቂጣ በወተት ነክራ ብትሰጠው ይቀርብና ያሸታል፣ ምላሱን ያወጣል፣ መልሶ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የእኛ ሉካንዳ በጾሙ የተዘጋ ስለሆነ ከእስላሞቹ ሉካንዳ፣ ከሀሰን ዘንድ፣ ሳንባ አመጣሁለት። አልነካውም። ሀሰን ጉበት ጥበስለት ተብሎ ጠብሶ ላከ። አደይ ለተብርሃን አፍንጫው ሥር ጌሾ አጨሱ። አንዱ መጥቶ ቡዳ በልቶታል አለ፣ ሌላው አስራቡት፣ የራበው ውሻ ድንጋይም ይበላል አለ። እኔ ጸበል ጀርባው ላይ ረጨሁ፤ አራግፎ ልብሴን አረጠበው እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። ይባስ ብሎ ከአፉ የሚወርደው ለሃጭ ቀላ። ሙሚና ጠዋት ስትነሳ እሱ የተኛበት ደጃፍ ላይ የደም ጠብታ ታገኛለች።

ይኼኔ ነው ሰው የሚያስበውን መናገር የጀመረው። ውሻው አውቋል አሉ። የጌታውን መቃብር አይቶ መጥቷል፣ ደም እያለቀሰ ነው አሉ። አደይ ለተብርሃን እንኳ መቀለዳቸውን ትተው ሊያጽናኗት መጡ፤ «ኣጆኺ፣ ጓለይ» እያሉ፣ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እጇን ይዘው አለቀሱ። ሙሚና ግን እጇን ቀስ ብላ ሳበችና፣ ለቅሶ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ወንድሟ የመጨረሻውን ነገር የተናገረው ያን ዕለት ነው። በእኔ ፊት ነበር።

«ሙሚና፣ ይህ እንስሳ ከሁላችንም ይልቅ ለሱ ቅርብ ነበር። እሱ ተስፋ ከቆረጠ አንቺ ምን ቀረሽ?»

ገመዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ እሺ ጋሼ፣ ቡላ ከሞተ ሐዘኔን እቀመጥና አብሬህ እሄዳለሁ፤ ቡላ ከበላ ግን አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እጠብቃለሁ አለችው። እሱም ሌላ የሚያሳምናት ነገር ስላጣ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ያ ግቢ ሲያስፈራ ነበር። ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ውሻ ይበላ አይበላ እንደሆን ያያል። እሷ ሳህኑን ስታስቀምጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱም ወንድሟ ነውና ውሻው ሲያሸት አንገቱን ሰገግ ያደርጋል፤ እንዲበላ ይመኝ እንዲተው እሱ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቡላ እየደከመም ቢሆን በሰዓቱ መነሳቱን አልተወም። እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሲመለስ አፉም እግሩም እርጥብ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ሙሚና ገመድ እያከረረች ውሻው ጉልበቷ አጠገብ መጥቶ ተኛ። ልብሷን እንዳይነካባት ሰበሰበች፤ በእነሱ ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፣ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ካልታጠበ አይነጻም። ቡላ ከቡችላነቱ ጀምሮ የቤታቸው ነው፤ አፉን ግን ማንም ነክቶት አያውቅም። ውሻው አሳለና አንድ ጠብታ በነጩ የፍየል ጸጉር ላይ ወደቀች። ሙሚና ልትጠርገው እጇን አነሳችና ቆመች። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ትኩስ ደም ነው፣ እትዬ። የሐዘን ደም አይደለም» አለች።

ከዚያ ለራሷ እንደምትነግር ሆና፣ በቅሎ ገብስ ስትተው ጀላሉ መጀመሪያ የሚያየው ምላሷ ሥር ነበር አለች።

ወንድሟን ጠርታ የውሻውን ራስ ያዝልኝ አለችው። እሱ ወደ ልብሱ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ሊናገርም አስቦ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ለእኔ አይከለከልም፣ ልያዘው ብዬ ቀረብኩ፤ ነገር ግን ጥርሱን ሳይ እጄ ወደ ኋላ ቀረ። አብዱሰመድ ይህን ሲያይ ፈገግ አለ። ነጠላውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ተንበርክኮ ያዘው። በመንጋጋዎቹ መካከል እንጨት አጋደምንለት። ሙሚና ጣቷን አስገብታ ምላሱን ወደ ጎን ገፋች። እዚያ፣ ከምላሱ ሥር ዘለቅ ብሎ፣ አልቅት ነበር። ጠግቦ ጥቁር ሆኗል፣ የአውራ ጣት ያህላል።

ቀጥሎ ያደረገችውን ሁሉ ባሏ በበቅሎቹ ላይ ሲያደርግ አይታ የተማረችው ነው። የጀላሉን ትንባሆ ከግድግዳው ቀዳዳ አወጣች። በውሃ ዘፍዝፋ በጨርቅ አድርጋ አልቅቱ ላይ ጨመቀችበት። ጥቂት ጠብቃ፣ ሲለቅቅ እንዳያዳልጣት በጨርቁ ይዛ ሳበችው። መሬት ላይ ስትጥለው ተጠቀለለ። ቡላ ጮኸ፣ አስነጠሰ፣ ደም ተፋ፣ ከዚያ ሰው እንደሚተነፍስ አድርጎ ተነፈሰ።

ወዲያው አይደለም የበላው። ወደ ቀትር ሳህኑ ጋ ሄዶ በወተት የራሰውን ቂጣ አንዴ ላሰ። ቀና ብሎ እኛን አየ። ከዚያ ጨረሰው። ሳህኑንም እየገፋ እስከ አጥሩ ድረስ ላሰው። ሙሚና ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አብዱሰመድ እየተነጫነጨ፣ በአልቅት ተሸነፍኩ፣ በሉ ስንቄን አዘጋጁልኝ አለ፤ ፊቱ ግን እንደተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። አደይ ለተብርሃን ከደጃቸው ሆነው፣ ገና ሳይደርስ ገደፈ ብለው አሳቁን።

ሙሚና እጇን ልትታጠብ ተቀመጠች። እኔ ውሃ አፈስላታለሁ። አፈር ይዛ ማሸት ጀመረች፤ ከመካከል እጇ ቆመ። ውሃው በጣቶቿ መሐል እየፈሰሰ አፈሩን ይወስደዋል፣ እሷ አታየውም።

ምን ሆንሽ አልኳት። ወደ ወደቀው አልቅት እያየች ነበር። ቆይታ በዝግታ ነገረችኝ። ጀላሉ ሁልጊዜ የሚለው ነገር ነበር፤ አልቅት የሮጠ ውሃ ውስጥ አይገኝም፣ የቆመ ውሃ ነው ቤቱ። በጋ ሲገባ በዚህ አገር ዙሪያ ሳይደርቅ የሚቆም ውሃ አንድ ብቻ ነው፤ ከኮረብታው ጀርባ በሸለቆው ውስጥ ያለው ኩሬ። በቅሎቹን እዚያ አያጠጣም፣ ቡላም ወደዚያ ዞር ሲል በፉጨት ይመልሰዋል።

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋትም፤ ቡላ በየቀኑ የሚሄደው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደዚያ ኩሬ ነው፣ የሚያፏጨው ጀላሉ በሕይወት ቢሆን ደግሞ ከዚያ በመለሰው ነበር። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወንድሟ ጓዙን እየሸከፈ ነው፤ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ፉጨቱን እየሰማች በደጇ ላይ መጠበቅ ትችላለች። እኔም ይህ ገባኝና ውሃውን ማፍሰሴን ቀጠልኩ፤ መንገዱ የእሷ ነውና። እጇን ታጥባ ጨረሰች፣ ከሰባቱ አንዱንም አላጓደለችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ አትሂድ» አለችው። «ቡላ ሲነሳ አብረነው እንሄዳለን።»

ሰዓቱ ሲደርስ ውሻው ተነሳ። ያን ቀን ፉጨት የሰማ የለም። ኮረብታውን ዞርን፣ ወደ ሸለቆው በሚወርደው የፍየል መንገድ ገባን። ኩሬው በቋጥኝ ሥር ነው፤ ውሃው ጥቁር፣ ንፋስ እንኳ የማያንቀሳቅሰው። ቡላ ጠጣ። ከዚያ ከኩሬው በላይ ወዳለው ጠፍጣፋ መሬት ወጣና ከድንጋዩ ክምር ሥር ተጠቅልሎ ተኛ። የተኛበት መሬት በገላው ልክ ጎድጉዷል።

አብዱሰመድ ቆመ። «ይሄማ ያ የክርስቲያኑ መቃብር ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

መስቀሉ ሁለት የግራር እንጨት ነው። ሙሚና ቀረብ አለች። እኔ መስቀሉን አይቼ ልሳለም ስጎነበስ እሷ ያየችውን አየሁት። ሁለቱ እንጨቶች የታሰሩት በፍየል ጸጉር ገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጥጥ አለው።

አልጮኸችም። ጣቷን በገመዱ ላይ አሳለፈች፤ የራሷን ሥራ ታውቀዋለች። ጀላሉ ያን ቀን ቆስሎ ውሃ ፍለጋ ይሁን ሽሽት እዚህ ድረስ መጥቶ ኖሯል። አንድ የማናውቀው መንገደኛ፣ ምናልባት ባሕታዊ ይሆናል፣ ምናልባት እረኛ፣ ወድቆ አግኝቶት አሞራ እንዳይነካው ደከመለት። ድንጋይ ለቀመ፣ ራሱን ወደ ምዕራብ እግሩን ወደ ምሥራቅ እንደ እኛ ሥርዓት አጋደመው፣ መስቀል ሊያቆምለትም ገመድ ሲያጣ ከራሱ ከሟቹ ትከሻ ላይ ወሰደ። ደግ የሠራ መስሎት ነው፤ ደግም ሠርቷል። እኛ ግን በዚያ መስቀል ምክንያት ስንፈልገው በላዩ ላይ አልፈን ሄድን።

አብዱሰመድ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አይቼው ነበር» አለ። «እዚህ ቆሜ አይቼው ነበር።»

ሙሚና ትከሻውን ነካችውና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ አስካለ፣ አንቺ ፍቺው። ያሰረው ሰው የእናንተ ነው፣ ለባሌ ብሎ የደከመ ነው። እኔ ብፈታው የሱን ድካም የናቅሁ ይመስለኛል።»

ተንበርክኬ ፈታሁት። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር፣ ጥርሴንም ተጠቀምኩ። ገመዱን ለእሷ ሰጠሁ፣ እንጨቶቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩ። በየማታው ስሙን አንተ የምታውቀው እያልኩ ያነሳሁት ጀላሉን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለሙሚና አልነገርኳትም፤ እግዚአብሔር ግን የማንን ጸሎት ለማን እንደሚያደርስ እሱ ያውቃል።

በማግስቱ አብዱሰመድ የመስጊዱን ሰዎች ይዞ ሄዶ እንደ ሥርዓታቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ መልሶ አስተኛው፣ የሬሳ ሶላትም ሰገዱበት። ሙሚና ዒዳዋን ገበያው ከተመታበት ቀን ጀምራ ቆጠረች፤ የቀረውን እዚሁ ቤቷ ተቀምጣ ጨረሰች፣ ወንድሟም ቆይቶ ጠበቃት። ፉጨቱን ከዚያ በኋላ ሰምታው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ወደ አገሯ የሄደች ጠዋት ቡላ እስከ ኲሓ መንገድ መገንጠያ ተከተላቸው። ከዚያ ቁጭ አለ። ጠራችው፤ ጅራቱን ወዘወዘ እንጂ አልተነሳም። ተመልሳ መጣችና ያን ገመድ በቢላዋ ለሁለት ቆረጠችው። ቀይ ያለበትን ጫፍ አንገቱ ላይ አሰረችለት፣ ሌላውን ወገቧ ላይ ታጠቀች። ለእኔ አደራ አለችኝ፤ ምግቡን የላመ አድርጌ እንድሰጠው፣ ሲያስለው ምላሱ ሥር እንዳይ።

አሁን ከእኔ ጋር ነው። አርጅቷል። ወደ ሸለቆው መሄዱን ትቷል፣ የቆመ ውሃም አይጠጣም። ምግቡን የማስቀምጥለት በዚያው በዐስር ሶላት ሰዓት ነው። ግን ወዲያው አይበላም። ሳህኑ ፊት ቆሞ ጆሮውን ወደ ኮረብታው ያቀናል። እኔም ጥጤን አቁሜ አብሬው አዳምጣለሁ።

ፉጨት የለም፤ ዝም ነው። ከዚያ ይበላል።